አባ ጎርጎርዮስና ጠያቂው ኢዮብ

አባ ጎርጎርዮስ በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ የተወለዱ ሊቅ ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮማ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። ይህ ሰው ኢትዮጵያን አላየም፤ ግዕዝን ግን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር። ስለዚህ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ጎታ ከተማ ተጠሩ። በዚያም እርሱ ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ እንስሳውና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ይጠይቃል፤ እርሳቸውም ይመልሳሉ። አማርኛም አስተማሩት።

ሉዶልፍ የሰማውንና ያነበበውን አከማችቶ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ። በወላይታ በየጓሮው የሚበቅለው እንሰት እንኳ በዚያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ የሶዶ ልጅ ዕለት ዕለት እያየ የሚያልፈውን ተክል በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች አነበቡት። የአባ ጎርጎርዮስንም ስም ሉዶልፍ ደጋግሞ ጻፈ። እርሳቸው ግን መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞተው ነበርና።