የሐሳብ ትርጉምና የተግባር ሚዛን፦ ቻርልስ ፐርስ

የቃል ትርጉም ከወዴት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ መልስ ከፈለጉት ፈላስፎች መካከል አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

እ.ኤ.አ. በ1839 በማሳቹሴትስ የተወለደው ፐርስ የጀርመናዊውን የካንትን ዐቢይ መጽሐፍ ገና በወጣትነቱ በጥልቀት መርምሯል። ካንት፣ ሰው ዓለምን የሚያውቀው አእምሮው በሚሰጠው ቅርጽ መሆኑን አስተምሮ ነበር። ፐርስ ከዚህ ትምህርት ብዙ ቢወርስም፣ ከዕውቀት ውጭ ተደብቆ የሚቀር ነገር አለ የሚለውን ክፍል አልተቀበለም። ለ30 ዓመታት ያህልም በአገሩ የጠረፍ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሲያገለግል፣ በፔንዱለም የመሬትን ስበት ለክቷል።

በ1878 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአንድ ሐሳብ ትርጉም በተግባር ሊያስከትል ከሚችለው ውጤት የተለየ አለመሆኑን አስረዳ። ለምሳሌ በጣና ዳርቻ አንድ የደንገል ታንኳ ጠንካራ ነው ሲባል፣ ፍቺው እንጨት ጭኖ ከዘጌ ቢነሣ ሳይሰጥም ባሕር ዳር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ከተቀነሰ ከቃሉ የሚተርፍ ፍሬ የለም።

ይሁን እንጂ ውጤት ሲባል የግለሰብ ጥቅም ማለት አይደለም። ለፐርስ እውነት መርማሪዎች በጋራ ጥረት በመጨረሻ የሚስማሙበት ነው፤ በዚህም ዕውቀት በታሪክ ሂደት ያድጋል ካለው ከሄግል ጋር ይቀራረባል። ሌሎች ፕራግማቲዝም የተባለውን ትምህርቱን ስላላሉት፣ በ1905 ስሙን ፕራግማቲሲዝም ሲል ለወጠው። በ1914 በድህነት ዐረፈ።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ልማት የሚለው ቃል ሲነገር፣ የትኛው ቦይ እንደሚጠረግ፣ የትኛው ቧንቧ ውሃ እንደሚሰጥ እንጠይቅ። መልስ ከታጣ ቃሉ ትርጉም አልነበረውም።