ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ለነርስነት የሚበጀውን ሰው በምን እንለየው?

ዛሬ በብዙ አገሮች የነርስነት ትምህርት የሚሻ ወጣት በቅድሚያ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው ማን ትምህርቱን እንደሚያጠናቅቅ፣ ማን በሕሙማን አልጋ አጠገብ እንደሚጸና አስቀድሞ እንዲጠቁም ይጠበቃል። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም፤ የዘመናዊ ነርስነት መሥራች ተብላ የምትታወቀው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ለረጅም ዘመን የታገለችው ነው።

ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1820 በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ከሀብታም እንግሊዛዊ ቤተሰብ ተወለደች። ነርስነት በዚያን ጊዜ የተናቀ ሥራ ስለነበር ቤተሰቧ ምኞቷን ለዓመታት ተቃወመ። እርሷ ግን በ1851 በጀርመን ካይዘርስቬርት ለጥቂት ወራት ሠለጠነች።

በክራይሚያ ጦርነት ወቅት፣ በጥቅምት 1854፣ 38 ሴቶችን አስከትላ ወደ ኢስታንቡል ተጓዘች። ሴቶቹ የተመረጡት በጥድፊያ ነበር፤ በኡስኩዳር በሚገኘው የሰሊሚዬ የጦር ሰፈር ሆስፒታል ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጥቂቶቹ ለሥራው ሳይበቁ ቀርተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአንጻሩ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አመልክታ ተቀባይነት ያጣችው ጃማይካዊቷ ሜሪ ሲኮል በራሷ ወጪ ወደ ክራይሚያ ዘልቃ ወታደሮችን ስትረዳ ቆይታለች። የምርጫ ስህተት በሁለቱም በኩል እንደሚደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ ሕዝብ በስሟ ባዋጣው 45 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገንዘብ በሐምሌ 1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። አመልካቾች የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ነበረባቸው። ይሁን እንጂ ዋናው መመዘኛ የሚጀምረው ከገቡ በኋላ ነበር። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ሣራ ዋርድሮፐር በየወሩ የእያንዳንዷን ሠልጣኝ ሰዓት አክባሪነት፣ ታማኝነት፣ ንጽሕናና የእጅ ሙያ በመዝገብ ላይ ታሰፍር ነበር።

ናይቲንጌል ቁጥርን የምትንቅ ሴት አልነበረችም። የወታደሮችን ሞት በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አሳይታ መንግሥትን ያነቃች፣ በ1858 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል የሆነች ናት። ስለዚህ በመዝገብ ኃይል ታምን ነበር። ነገር ግን በ1870ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን በቅርብ ስትመረምር ሠልጣኞቹ በቂ ትምህርት እንደማያገኙና የምዘናው መዝገብም ብቻውን እንደማይበቃ ተገነዘበች። መዝገብ ከሚሞላው ሰው ትጋትና ፍርድ አይበልጥምና። ከዚያ ወዲህ ሠልጣኞችን በቤቷ እየተቀበለች ታነጋግር፣ የታዘበችውንም ታስፍር ጀመር።

በ1887 በኤቴል ፌንዊክ ግንባር ቀደምነት የተመሠረተው የእንግሊዝ ነርሶች ማኅበር፣ ነርሶች ብቃታቸው ተረጋግጦ በአገር አቀፍ መዝገብ እንዲሰፍሩ ሲጠይቅ ናይቲንጌል ተቃወመች። በእርሷ እምነት ፈተና ዕውቀትን እንጂ ርኅራኄን፣ ትዕግሥትንና የእጅን ብልሃት አይለካም፤ አንድ ጊዜ ያለፈችም ከዓመታት በኋላ ምን ዓይነት ነርስ እንደሆነች አይናገርም። የማኅበሩ ደጋፊዎች ደግሞ የጋራ መለኪያ ከሌለ ሕመምተኛው ከማይበቁ ሰዎች የሚጠበቅበት መንገድ እንደሌለ አስረዱ። በሁለቱም ወገን እውነት ነበረ።

ናይቲንጌል ነሐሴ 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ አረፈች። የነርሶች ምዝገባ ሕግ በእንግሊዝ የጸደቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1919 ነው። የልደቷ ቀንም ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

የጽሑፍ ፈተና ተማሪው የንባብ፣ የሒሳብና የሳይንስ መሠረት እንዳለው ያሳያል፤ መድኃኒት በትክክል ለመለካት ይህ መሠረት የግድ ነው። ሌሊት የሚያቃስት ሕመምተኛ ሲጠራ ፈጥኖ የሚነሣውን ለመለየት ግን፣ ናይቲንጌል እንዳደረገችው፣ ተማሪውን በሥራው ላይ ደጋግሞ ማየት ያሻል።