ለሌሎች ደብዳቤ እየጻፈ ያደገው ደራሲ

ሳሙኤል ሪቻርድሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1689 በእንግሊዝ ደርቢሻየር ከአንድ አናጢ ቤተሰብ ተወለደ። ሲበዛ ዐይን አፋር ነበር፤ ከእኩዮቹ ጋር ከመሯሯጥ ማንበብን ይመርጣል። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ልብስ ሲሰፉ መጽሐፍ የሚያነብላቸው እርሱ ነው። 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ሦስት ወጣት ሴቶች፣ አንዳቸው የሌላቸውን ሳያውቁ፣ የፍቅር ምስጢራቸውን አደራ ሰጡት። ከወዳጆቻቸው ለመጣላቸው ደብዳቤ መልሱን ይጽፍላቸው ጀመር። ደብዳቤ ማስጻፍ ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ ልማድ አይደለም፤ የሰውን ምስጢር በልቡ የሚይዝ ጸሐፊ በየሰፈሩ ነበረ።

ልጁ ከዚያ ሥራ የተማረው ነገር ኋላ ስሙን ያስጠራዋል። አንዲቱ ልጅ ቁጣ የተሞላ መልስ እንዲጽፍላት ታዝዘዋለች፤ ቃሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን እንዲለዝብ ትለምነዋለች፤ ወዳጇ እውነት መስሎት እንዳይርቅ ፈርታለች። ብዕሩ አንድ ነገር ይላል፣ ልብ ሌላ ይመኛል። ሪቻርድሰን በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ገና በልጅነቱ አየ።

ቤተሰቡ ለከፍተኛ ትምህርት አቅም ስላልነበረው በ1706 ለንደን ውስጥ ከአንድ አታሚ ዘንድ ለሰባት ዓመት ተለማማጅነት ገባ። የሚያነበው ሌሊት ነበር፤ የጌታውን ንብረት ላለማባከንም ሻማውን በራሱ ገንዘብ ይገዛ ነበር። በኋላ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ የፓርላማውን ሰነዶች እስከማተም ደረሰ። ቤቱ ግን ሐዘን አልተለየውም። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከማርታ ያገኛቸው ስድስት ልጆች አንድም ሳይቀሩ አልቀዋል፤ እርሷም በ1731 ሞተች። ዳግም አግብቶ አራት ሴቶች ልጆች አደጉለት።

ሪቻርድሰን እስከ 50 ዓመቱ ልቦለድ አልጻፈም። በ1739 ሁለት መጽሐፍ ነጋዴዎች ለገጠር ሰዎች የሚሆን የደብዳቤ አጻጻፍ መማሪያ እንዲያዘጋጅ ጠየቁት። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ጌታዋ ሲያስቸግራት ወላጆቿ ምን ብለው ይጽፉላት ይሆን? ይህን ሲያስብ ከዓመታት በፊት የሰማው ታሪክ ትዝ አለው። መማሪያውን ወደ ጎን አድርጎ በሁለት ወር ገደማ «ፓሜላ»ን ጻፈ። በ1740 ወጥታ አንድ ዓመት ሳይሞላ አምስት ጊዜ ታተመች።

ፓሜላ ድሃ ገበሬ ሊሆኑ ለሚችሉ ወላጆች ሳይሆን፣ ድሃነታቸውን በግልጽ ለምታውቃቸው አባትና እናቷ የምትጽፍ የ15 ዓመት የቤት ሠራተኛ ናት። ደብዳቤዎቿን ከውስጥ ልብሷ ላይ ሰፍታ ትደብቃለች። ጌታዋ ሊያዋርዳት ይፈልጋል፤ ደብዳቤዎቿን እየጠለፈ ያነባል። ሆኖም ልቡን የሚለውጠው ያ ንባብ ነው። ፊት ለፊት ብትነግረው ኖሮ የማይሰማውን፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ስለሆነ አመነው። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1741 በጻፈው ቀልድ ልጅቱን አስመሳይ አድርጎ አቀረባት፤ አደጋ በሯ ላይ ቆሞ ብዕር የምትይዝ ሰው መኖሯንም ሣቀበት። ሣቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ከ1747 እስከ 1748 በሰባት ቅጽ የወጣው «ክላሪሳ» ነው። ከ500 የሚበልጡ ደብዳቤዎችን ይዟል። የባለጸጋ ልጅ የሆነችው ክላሪሳ ለማትወደው ሰው ልትዳር ስትገደድ ላቭሌስ የተባለ ሰው አታሎ ከቤተሰቧ ያስኮበልላታል። እርሷ ለጓደኛዋ ለአና ትጽፋለች፤ እርሱ ለወዳጁ ለቤልፎርድ ይጽፋል። አንባቢ የሁለቱንም ያነባል፤ ስለዚህ ክላሪሳ ደህና ቦታ ደረስኩ ስትል ወጥመዱ የት እንደተዘረጋ ቀድሞ ያውቃል። ሊያስጠነቅቃት ይመኛል፤ አይችልም። ጸሐፊዋ ነገ የሚሆነውን አታውቅም፤ ጭንቀቱ ትኩስ ሆኖ የሚተላለፈውም ለዚህ ነው።

ላቭሌስ የአናን ደብዳቤ ይጠልፋል፤ የሚበቀልባቸውን መስመሮች በጠርዙ ላይ ምልክት ያደርግባቸዋል። ሪቻርድሰን አታሚ ነውና የሚጠቁሙ ጣቶችን በገጹ ዳር አተመ። ላቭሌስ በአና ስም የሐሰት ደብዳቤ እስከመጻፍም ይደርሳል። ክላሪሳን ከደፈራት በኋላ የጻፈቻቸው ወረቀቶች የተቀዳደዱና ሐሳባቸው የተበታተነ ነው፤ በአንዱ ላይ መስመሮቹ ዘመው ታትመዋል። የአእምሮዋ ሁኔታ ከቃሉ በፊት በዐይን ይታያል። በመጨረሻ እርሷም አንድ ጊዜ በደብዳቤ ታታልለዋለች፤ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ መሆኑን ትጽፍለታለች። እርሱ ቤተሰቧ ዘንድ መስሎት ይደሰታል፤ እርሷ ያለችው ግን ሰማይን ነው።

ቅጾቹ በየጊዜው ሲወጡ አንባቢያን ክላሪሳን እንዲያተርፋት ደራሲውን ለመኑት። ሌዲ ብራድሼይ የተባሉ የላንክሻየር ወይዘሮ ስማቸውን ደብቀው በተደጋጋሚ ጻፉለት። ሪቻርድሰን አልተመለሰም፤ ክላሪሳ ሞተች። ደብዳቤያቸው ግን አልተቋረጠም። ሊገናኙ ሲያስቡ በለንደን መናፈሻ እንዲለዩት አጭርና ወፈር ያለ መሆኑን፣ ምርኩዝ መያዙን ሳይቀር መልኩን ጽፎ ላከላቸው። ሰው ፊት የሚያፍረው ሰው በወረቀት ላይ አያፍርም ነበር።

ሦስተኛው ልቦለዱ «ሰር ቻርልስ ግራንዲሰን» በ1753 እና 1754 ወጣ፤ እንደ «ክላሪሳ» ልብ አይሰቅልም። ሪቻርድሰን ሐምሌ 4 ቀን 1761 በለንደን አርፎ በቅዱስ ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በዚያው ዓመት ዣን ዣክ ሩሶ፣ በ1774 ደግሞ ጎተ በደብዳቤ የተሠሩ ልቦለዶችን አሳተሙ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሻማውና ስለ ሦስቱ ሴቶች የሚታወቀው ራሱ በ1753 ለሆላንዳዊው ተርጓሚው ለስቲንስትራ ከጻፈው ደብዳቤ ነው። የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች በ1804 በስድስት ቅጽ ታትመዋል።