ስሙ በጦስኝ ላይ የቀረ ሰው

ከማኅበራችን አባላት መካከል ጦስኝ አድርቀው በትናንሽ ከረጢት እያሸጉ የሚሸጡ እህቶች አሉ። በአንዳንድ ማሸጊያ ላይ ከአማርኛው ስም ሥር «ታይመስ ሺምፐሪ» ተብሎ የተጻፈ አይታችሁ ይሆናል። ታይመስ የወገኑ ስም ነው፤ በሌላው ዓለም ያሉት የጦስኝ ዘመዶችም በዚሁ ይጠራሉ። ሺምፐሪ ግን ከሰው ስም የመጣ ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው እንቆቆም ሳይንሳዊ ስሙ ኤምቤልያ ሺምፐሪ ነው። እኔ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ነኝ እንጂ ዕፀዋት አላጠናሁም። ሆኖም የዚህን ሰው ታሪክ ማንበብ ስጀምር በመካከሉ አክሲዮን፣ መዋጮና የፈረሰ ማኅበር ስላገኘሁ፣ ነገሩ እኛንም የሚመለከት መስሎ ታየኝ።

ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን አገር ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ የዕፀዋት ነገር የሚወድ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪኽ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና ሰው ነው፤ «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ስያሜም ያወጣው እሱ ነው። የአጎት ልጃቸው ደግሞ በአረንጓዴ ሽበት ጥናት ስመ ጥር ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የእኛው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ መልቀም የደረሰው ነው።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ችግር ምን ነበር? ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እያንዳንዱን ተክል በሁለት ቃል ብቻ የመጥራት ሥርዓት አቆመ። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ መለያ ነው። መዝገቡ ተከፈተ፤ ሚዛኑ ግን የተዛባ ነበር። የአውሮፓ ሜዳና ተራራ አበቦች በብዛት ሲመዘገቡ የሞቃቱ ዓለም አበቦች ገጽ ግን ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። ያንን ገጽ ለመሙላት ሰው መላክ ያስፈልጋል፤ ሰው ለመላክ ደግሞ ገንዘብ። እንግሊዝና ፈረንሳይ መርከብና ቅኝ ግዛት ነበራቸው። ጀርመን ያኔ በብዙ ትናንሽ መንግሥታት የተከፋፈለ አገር ስለነበር ይህ አልነበረውም።

መላውን ያገኙት በኤስሊንገን ከተማ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሽቶይደል የተባለ ሐኪም፣ ሌላው ሆኽሽቴተር የተባለ ቄስና የመምህራን አስተማሪ። በ1820ዎቹ አጋማሽ «የተጓዥ ማኅበር» አቋቋሙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የዕፀዋት ወዳጅ የሆነ ሁሉ አክሲዮን ይገዛል። በተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ለቃሚ ወደ ሩቅ አገር ይላካል። ለቃሚው ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ሳይሆን ብዙ ቅጂ ያደርቅና ይልካል፤ ቅጂዎቹም ለባለ አክሲዮኖች እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላሉ። በገንዘብ ያዋጡትን በደረቅ ቅጠል ይቀበላሉ ማለት ነው። የትርፍ ክፍፍል በብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ በገለባ ሲከፈል ግን ያነበብኩት እዚህ ነው። አትሳቁ፣ ባለ አክሲዮኖቹ ደስ ብሏቸው ነበር የሚረከቡት። ለአንድ መምህር ወይም መድኃኒት ቀማሚ በሌላ መንገድ ሊያገኘው የማይችለው ሀብት ነበር።

ሺምፐር ለዚህ ማኅበር መጀመሪያ ወደ አልጄሪያ፣ ቀጥሎ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ዓረብ ምድር ተላከ። በ1837 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል ትግራይ ገባና አድዋ ተቀመጠ። ያኔ ሰሜንንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሥራውን የጀመረው ከአድዋ በላይ በሚታዩት በሶሎዳና በሰማያታ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ዘልቆ እስከ ብርዱ ጫፍ ድረስ ለቀመ።

ሥራው ምን እንደሚመስል እናስበው። ተክሉን ከነአበባው፣ ከተገኘም ከነፍሬው ይነቅላል። በወረቀት መካከል ዘርግቶ ክብደት ይጭንበታል። እርጥቡን ወረቀት በየጊዜው ካልለወጠ ይሻግታል፤ ተክሉ በብዛት የሚያብበው ደግሞ በክረምቱ መውጫ ነውና ደረቅ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከዚያ ጥቅሉ ወደ ምጽዋ ወርዶ በመርከብ ወደ ግብፅ ይሄዳል። የስዌዝ ቦይ ገና ስላልተቆፈረ ከቀይ ባሕር እስከ ሜዲትራኒያን በየብስ ተሻግሮ እንደገና ይጫናል። በመጨረሻ ኤስሊንገን ሲደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈትተው፣ እያዩ፣ እያመሳከሩ ስም ያወጣሉ። ለእያንዳንዱም የታተመ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉበታል፤ የማኅበሩ ስም፣ የለቃሚው ስም፣ የተክሉ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና ቁጥሩ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ይህች ወረቀት ናት። በእኛ ሙያ ደጋፊ ሰነድ የሌለው ወጪ ወጪ አይባልም። በዕፀዋት ምደባም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው አዲስ ተክል አገኘሁ ብሎ ስም ቢያወጣ፣ ስሙ የሚጸናው ያ ስም የወጣለት የደረቀው ተክል ራሱ በመዝገብ ቤት ሲቀመጥ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሳ የሚወጣው ያ ቅጠልና ያቺ ወረቀት ናቸው። ሺምፐር የላካቸው ብዙዎቹ ቅጠሎች እንደዚህ ያሉ ምስክሮች ሆነዋል። ለምች የምናሸው ዳማከሴ፣ በየወንዙ ዳር የሚበቅለው ብሳና፣ የሐበሻ ግራር፣ እነዚህ ሁሉ ሳይንሳዊ ስማቸው ላይ የሆኽሽቴተር ስም አለበት፤ ስሙን ያወጣውም አድዋን ሳያይ፣ ሺምፐር በላከለት ጥቅል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ብርብራን ታውቁታላችሁ፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ የሚያደነዝዘው ዛፍ ነው። ሆኽሽቴተር ይህን ዛፍ በ1846 ሲመዘግብ የወገን ስሙን «በረበራ» አለው። ኤስሊንገን ተቀምጦ ይህን ቃል ከየት ያመጣዋል? ከአገራችን ሰው አፍ ወጥቶ በለቃሚው በኩል ደርሶት መሆን አለበት። ስሙ ግን አልሰነበተም። ዛፉ አስቀድሞ የተሰየመ ሌላ ወገን አባል መሆኑ ስለታወቀ በሕጉ መሠረት የቀደመው ስም ገዛ፤ በረበራ ከዋናው ወደ ግርጌ ወረደ። እንቆቆንና ጦስኝን ለሺምፐር ያሳዩት እረኞች፣ ባልቴቶችና መድኃኒት አዋቂዎች ስም ግን በግርጌም አልተጻፈም። በኢንተርኔት ተነሥተው ባየኋቸው ወረቀቶች ላይ ለቃሚው አለ፣ ሰያሚው አለ፣ ተራራው አለ፤ መንገድ መሪው የለም። ቅሬታዬን ሳልደብቅ፣ እሱ ባይመዘግበውም ኖሮ ያለው እንዲህ ነበር ለማለት የሚያስችል ሌላ ሰነድ በእጃችን እንደሌለ አውቃለሁ።

ማኅበሩ በ1842 ገደማ ፈረሰ። ባለ አክሲዮኖቹ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ በሒሳብ መዝገብ ዓይን ዕዳ የለባቸውም። አድዋ ላይ የቀረው ሰው ምን ይበላል የሚለው ግን በየትኛው ዓምድ ይገባል? ይህን መጽሔት የምታነቡ ለጋሾቻችን ቅር አይበላችሁ እንጂ፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ ሪፖርቱ የሚያልቀው ገንዘቡ በገባበትና በወጣበት ነው፤ ሠራተኛዋ በሚቀጥለው ወር ምን እንደምትሆን የሚጠይቅ ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሺምፐር አገሩ አልተመለሰም። ደጃዝማች ውቤ ወደዱትና የእንትጮን አገር ሹመት ሰጡት። በ1843 በአባ ያዕቆብ፣ ማለትም በዩስቲኖ ደ ያቆቢስ ትምህርት ካቶሊክ ሆነ፤ የአገሪቱን ተወላጅ አግብቶም ልጆች ወለደ። ቅጠል መልቀሙንም አልተወም። ቀድሞ ማኅበሩ ያከፋፍል የነበረውን ሆሄናከር የተባለ ሰው እዚያው ኤስሊንገን ሆኖ ይሸጥ ጀመር፤ የፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ለጥቂት ዓመታት ደገፈው። አሺል ሪሻር የተባለው ፈረንሳዊ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ የሺምፐር ስብስብ ከፍ ያለ ድርሻ አለው። ለዚያ መጽሐፍ የተላኩት ሁለት ፈረንሳውያን ለቃሚዎች ሥራቸው ታትሞ አላዩም፤ ካርቲን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፣ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሺምፐር ከሁለቱም የሚለየው ዕድሜ በማግኘቱ ነው።

በየካቲት 1855 ደጃች ካሣ ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ሲወድቁ የሺምፐርም ሹመት ወደቀ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ደመወዝም ርስትም የሌለው ሰው ሆነ። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ ነው ተብሎ በግብርና ጽሑፎች የሚጠቀሰው ከዚህ በኋላ ያለው 1858 ዓመት ነው። በጾም ወጥ ውስጥ፣ በአልጫ ላይ፣ በየጉልቱ ተቀቅሎ ከሚጥሚጣ ጋር የሚሸጠውን ድንች አስቡት። ስንት እናት ልጅ ያስተማረችበት ነው! በእኔ ግምት ከተሰየሙለት አበቦች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ከእኔ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ።

በ1860ዎቹ ውስጥ ስለ ትግራይ አፈር፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ዕፀዋቱና ሰው ስለሚጠቀምባቸው መንገድ በጀርመንኛ ረጅም ማስታወሻ ጻፈ፤ ካርታም ሠራ። ጽሑፉ ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መቅደላ በ1868 ስትወድቅ ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል አንዱ እሱ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ሲወጣ አብዛኞቹ አብረው ሄዱ። እሱ ስድሳ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ወደ አድዋ ተመለሰ። በዚያው በ1878 አረፈ፤ አገራችን ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ኖሯል ማለት ነው።

ስሙ ለተክሎች ስለተሰጠበትና ከሞተ በኋላ ስለሆነውም ልጨምር። ለእንቆቆ ስሙን የሰጠው የበርሊኑ ፋትከ ነው። ለጦስኝ የተሰጠው ደግሞ በ1924፣ ከሞተ አርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሮኒገር በተባለ ኦስትሪያዊ ነው። በበርሊን የዕፀዋት መዝገብ ቤት ብዙ የሺምፐር ቅጠሎች ነበሩ። መጋቢት 1943 መጀመሪያ ሌሊት ሕንፃው በቦምብ ተመታና ከስብስቡ አብዛኛው ተቃጠለ። ከመላው ዓለም የመጣ ምስክር በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ከአንድ ለቃሚ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ተክል ምስክሩን ለዘላለም አጣ። የሺምፐር ግን አክሲዮን ነበረ። ያ ለባለ ድርሻ ሁሉ ይድረስ ተብሎ በብዛት የደረቀው ቅጠል በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቱቢንገንና በሌሎችም ከተሞች ተበትኖ ስለነበር በርሊን የነደደው ሌላ ቦታ ተገኘ። ይህን ያደረገው ማንም ስለ ጦርነት አስቦ አይደለም፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ድርሻውን ማግኘት ስላለበት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፀዋት ሁሉ የሚመዘግበው ትልቅ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1980 ተጀምሮ በ2009 አልቋል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። በእነዚያ ጥራዞች ውስጥ በየተክሉ ሥር ስሙ የጸናበት ምስክር ይጠቀሳል። በብዙዎቹ ላይ «ሺምፐር» ይልና አድዋ ወይም ሰሜን የሚል ቦታ፣ ቀጥሎም ቁጥር ይከተላል። ቁጥሩ ያው ኤስሊንገን ላይ ለባለ አክሲዮኖች ሲከፋፈል የታተመበት ቁጥር ነው።