የግድግዳው እንሽላሊትና ኤዱዋርድ ሩፔል



ከዶሃ በስተ ደቡብ በምትገኘው፣ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆችና የዕንቁ ጠላቂዎች ከተማ በነበረችው በአል ዋክራ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ማታ የደጁን መብራት ሲያበራ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ የእሳት ራት የሚያደባ ፈዛዛ እንሽላሊት ያያል። የዚያው አገር እንስሳ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ይህ እንሽላሊት ለሳይንስ ዓለም የታወቀው በቀይ ባሕር ዳር ከምጽዋ በተወሰደ ናሙና ነው። ያሳወቀውም በምጽዋ በኩል ወደ ጎንደር የዘለቀ ኤዱዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በዚህ ዕትም የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በኖቬምበር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ሥራ ታስቦ ያደገ ቢሆንም፣ በ1817 ሲናን ከጎበኘ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። በኢጣልያ በፓቪያና በጄኖቫ ትምህርት ተከታተለ። በዚያው በ1817 በትውልድ ከተማው ዘንከንበርግ የተባለው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ስለ ነበር፣ የዕድሜ ልክ ድካሙን ለዚህ ማኅበር ቤተ መዘክር አዋለው። ከ1822 እስከ 1827 በግብፅ፣ በኑብያ፣ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘዋወረ።

ሁለተኛው ጉዞው የኛን አገር የሚመለከት ነው። በ1831 ምጽዋ ሲደርስ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት ተገድለው ትግራይ ገና አልረጋም። በ1832 ወደ ደጋው ወጣ፣ የሰሜንን ተራሮች አቋረጠ፣ ጎንደርም ገብቶ እስከ 1833 ቆየ። በዚያም ከታወቁት ሊቅ አጽቁ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ከእንስሳቱ ሌላ የግዕዝ መጻሕፍትንም ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ።

ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው ሥራው ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በ1839 የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከሁሉ ያነሰ ዝና ያገኘው በእንሽላሊትና በእስስት ላይ የሠራው ነው። የግድግዳውን እንሽላሊትና ዛሬ በቀጠር በረሃ ጭምር የሚገኘውን፣ ወንዱ ጉሮሮው ሰማያዊ የሚሆነውን ሌላ እንሽላሊት በ1835፣ የኢትዮጵያን ደጋ እስስት ደግሞ በ1845 ገለጸ።

የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው በ1859 ነውና ሩፔል እነዚህን ሲጽፍ ዝርያ በአዝጋሚ ለውጥ ይገኛል የሚለው ትምህርት ገና አልተስፋፋም ነበር። ቢሆንም ናሙናው ስለ ተጠበቀ ስሙም ስለ ተመዘገበ፣ በኋላ የመጡት የሚያመሳክሩበት አገኙ። አንድ ይመስል የነበረው የደጋው እስስት በውስጡ ከአንድ የበለጡ ዝርያዎችን እንደያዘ ተደርሶበት፣ በ2021 ከባሌ ተራሮች የተገኘው ራሱን ችሎ አዲስ ስም ተሰጠው። ተራራና ሸለቆ የለያያቸው እንስሳት ቀስ በቀስ ይለያያሉ ማለት ነው። የግድግዳው እንሽላሊት ግን ተቃራኒውን ያስተምራል። ከሰው ቤት መኖር የለመደ፣ ሁለት ሁለት ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው እንቁላሎች በስንጥቅ ውስጥ የሚጥል በመሆኑ፣ ከጭነት ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደብ ለመዛመት ተመችቶታል።

ሩፔል በዲሴምበር 10 ቀን 1884 በፍራንክፈርት ሞተ። ውለታውን ስናነሣ ግን ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባ ነገር አለ። መንገድ የመሩት፣ አውሬውን ያደኑለት፣ ሳጥኑን የተሸከሙለት የአገራችን ሰዎች በሳይንሱ መዝገብ ላይ ስማቸው አልቆመም። የቆመው ቃላቸው ነው፤ ዋልያና ጭላዳ የሚሉት የባላገሩ መጠሪያዎች እስከ ዛሬ በሳይንሳዊው ስም ውስጥ ይነበባሉ። እንስሳውን አስቀድሞ ያወቀውና የለየው ማን እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክ ለኛ ለተማሪዎች ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ከአገር የወጣ ናሙና በባዕድ ከተማ ሲቀመጥ፣ የአገሩ ልጅ የራሱን እስስት ለማመሳከር ባሕር ተሻግሮ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛ፣ ዕውቀት የሚዘልቀው የተገኘው ነገር ከነቦታው ተጽፎ፣ ለሕዝብ በሚጠበቅ ስፍራ ሲቀመጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአራት ኪሎ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። በሰው አገር ይህን ሙያ የምንማር ሁሉ፣ ስንመለስ ለዚያ መደርደሪያ ምን ይዘን እንደምንገባ ከወዲሁ እናስብበት።