የሰማይ ጌታ በቻይና ቋንቋ፦ የአባ ማቴዎስ ሪቺ ሕይወት

በአክሱም የሚገኘው የንጉሥ ኢዛና የግእዝ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ድል የሰጠውን አምላክ «እግዚአ ሰማይ» ብሎ ይጠራዋል። ጽሑፉ የአራተኛው ምእት ዓመት ነው። ከዚያ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በቻይና የሰፈሩ ጥቂት ኢየሱሳውያን ካህናት እግዚአብሔርን በአገሩ ቋንቋ ለመጥራት የመረጡት ስም «ቲየንጁ» ነበር፤ ትርጓሜውም ያው የሰማይ ጌታ ማለት ነው። ወንጌልን ያልሰማ ሕዝብ በገዛ ቃሉና በገዛ ጥበቡ ስለ እግዚአብሔር ያሰበው እውነት ይኖራልን? ይህ ጥያቄ የአባ ማቴዎስ ሪቺ የሕይወት ሥራ ሆነ፤ ካረፉም በኋላ ቤተ ክርስቲያንን ለረጅም ዘመን አከራከረ።

ማቴዎስ ሪቺ በ1552 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በኢጣልያ፣ ማቸራታ በምትባል ከተማ ተወለዱ። መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት አባታቸው ሕግ እንዲማሩ ወደ ሮማ ላኳቸው፤ እርሳቸው ግን በ1571 ዓ.ም. ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። ሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ከጀርመናዊው ሊቅ ከአባ ክላቪዮስ ተማሩ። በ1578 ዓ.ም. ከሊዝበን ተነሥተው ወደ ሕንድ ተጓዙ፤ በዚያም ማዕርገ ክህነት ተቀብለው በ1582 ዓ.ም. ማካው ደረሱ።

በተከታዩ ዓመት ከአባ ሚካኤል ሩጄሪ ጋር ጃውቺንግ በምትባል የቻይና ከተማ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። የሃይማኖት ሰዎች መሆናቸው እንዲታወቅ ራሳቸውን ተላጭተው የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ለበሱ። በአገሩ የሚከበሩትና የሚደመጡት ግን የኮንፉሽዮስን መጻሕፍት ያጠኑት ሊቃውንት ነበሩ። አባ ማቴዎስ ይህን በተረዱ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው አርባን አልፎ ሳለ፣ እንደ ተማሪ በቻይናዊ መምህር ፊት ተቀምጠው የኮንፉሽዮስን ትምህርት አራት መጻሕፍት አጠኑ፤ ወደ ላቲንም መለሷቸው። በ1595 ዓ.ም. ጢማቸውን አሳድገው የሊቃውንቱን የሐር ቀሚስ ሲለብሱ ልብሱ ከትምህርቱ በኋላ የመጣ ነበር፤ የሚተርኩላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይዘነጉታል።

በ1601 ዓ.ም. ቤይጂንግ ገቡ። ለንጉሠ ነገሥቱ ዋንሊ ያቀረቧቸው ደወል ያላቸው ሰዓቶች ቤተ መንግሥቱን ስለ አስደነቁ በከተማይቱ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ የንጉሡን ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩም።

ዋነኛው መጽሐፋቸው «የሰማይ ጌታ እውነተኛ ትርጕም» በ1603 ዓ.ም. በቻይና ቋንቋ ታተመ። መጽሐፉ የአንድ ቻይናዊ ሊቅና የአንድ ምዕራባዊ ሊቅ ጭውውት ነው። ቻይናዊው ይጠይቃል፣ ይቃወማል፣ እንደገና ይጠይቃል። ምዕራባዊውም በቅድሚያ መጽሐፍ ቅዱስን ሳይጠቅስ፣ ከፍጥረት ሥርዓትና ከነገሮች ምክንያት ተነሥቶ ፈጣሪ መኖሩን በአእምሮ ያስረዳል፤ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ያስተማሩት መንገድ ነው። ቀጥሎም የቻይና ጥንታውያን መጻሕፍት «ሻንግዲ»፣ ይኸውም በላይ ያለው ገዢ፣ ብለው የሚጠሩት እርሱ ራሱ የሰማይ ጌታ መሆኑን ከመጻሕፍቱ እየጠቀሰ ይናገራል። በዚህ ዓይነት የቻይና ጥበብ ስለ እግዚአብሔር በሚደረገው ምርምር ውስጥ እንደ ምስክር ተጠራ።

የመስቀሉ ምሥጢር በመጽሐፉ ጥቂት ብቻ መነገሩ አስወቅሷቸዋል። ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ግን አሠራሩ ግልጽ ሊሆን ይገባል፤ መጽሐፉ ገና በደጅ ላለ ሰው የተጻፈ ነው፣ ለንኡሰ ክርስቲያን ሌላ የትምህርት መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ይልቅስ ጉድለታቸው በሌላ በኩል ነው። ኮንፉሽዮሳውያንን በትዕግሥት የሰሙትን ያህል የቡድሃን ተከታዮች አልሰሙም፤ ስለ ባዶነትና ስለ ዳግም መወለድ የሚያስተምሩትን በጥድፊያ ነቀፉ። ዙሆንግ የተባለው ታዋቂ መነኩሴ ትምህርታቸውን በጽሑፍ ተቃውሟል።

ከተጠመቁት ሊቃውንት ታላቁ በ1603 ዓ.ም. ጳውሎስ ተብሎ የተሰየመው ሹ ጓንግቺ ነው፤ ከእርሱ ጋር የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያ ስድስት ክፍሎች ተርጕመው በ1607 ዓ.ም. አሳተሙ። አባ ማቴዎስ በግንቦት 1610 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱም የመቃብር ቦታ ሰጡ፤ ለውጭ አገር ሰው ያልተለመደ ክብር ነበር።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። በቦታቸው የተተኩት አባ ኒቆላዎስ ሎንጎባርዶ ሻንግዲ የእግዚአብሔር ስም ሊሆን አይችልም አሉ። አባ ማቴዎስ ለሙታን ወላጆችና ለኮንፉሽዮስ የሚደረገውን ስግደትና ዕጣን የአክብሮት ሥርዓት እንጂ አምልኮ አይደለም ብለው ነበር፤ ይህም ተነቀፈ። ሮማ በ1704፣ በ1715 እና በ1742 ዓ.ም. ሥርዓቱን ከለከለች፤ ከስሞቹም ቲየንጁ ብቻ ቀረ። በክልከላው የተቈጡት ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1721 ዓ.ም. ስብከተ ወንጌልን አገዱ። ስንት ነፍስ በዚህ ምክንያት ወንጌልን ሳይሰማ እንደ ቀረ እግዚአብሔር ያውቃል። በአውሮጳ ግን ኢየሱሳውያን በ1687 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተሙት የኮንፉሽዮስ የላቲን ትርጕም ፈላስፎችን አነቃቃ፤ ላይብኒትስ በ1716 ዓ.ም. ስለ ቻይናውያን የተፈጥሮ ነገረ መለኮት ሲጽፍ ለአባ ማቴዎስ አስተሳሰብ ወገነ።

በ1939 ዓ.ም.፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ዘመን፣ ቅድስት መንበር ለወላጆችና ለኮንፉሽዮስ የሚደረገውን የአክብሮት ሥርዓት ፈቀደች። በ2022 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ አባ ማቴዎስን «ክቡር» በሚል ማዕርግ እንዲጠሩ አደረጉ። መቃብራቸው በቤይጂንግ አለ፤ በሐውልቱም ላይ የቻይንኛ ስማቸው፣ ሊ ማዶው፣ ከላቲኑ ጽሑፍ ጐን ተቀርጾ ይነበባል።