ዶክቶር ሮበርት ኮክና የከብት እልቂት

በሬ ለገበሬ ቀኝ እጁ መሆኑን በወገል ጤና ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በሬው የሞተበት ሰው ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ካደረ ቤተ ሰቡ ይራባል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፥ ስሙ ደስታ ግብሩ ግን ሐዘን የሆነ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀም ይገመታል። በዚህ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨምሮ፥ ወሎንም ሌላውንም አገር ያዳረሰው የክፉ ቀን ረኃብ መጣ። በሽታው ወደ ደቡብ እየወረደ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካን ያዘ። በዚያ እንዲዋጉት የተጠሩትን ሊቅ ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ አቀርባለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክቶር ሮበርት ኮክ በ1843 በጀርመን አገር ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከ13 ልጆች አንዱ ነበሩ። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1866 ተመረቁ፤ ኋላም ቮልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኑ። ትልቅ የምርምር ቤት አልነበራቸውም፤ በሽተኞቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው በማይክሮስኮፕ ይመራመሩ ነበር። በ1876 የአባ ሰንጋን፥ በ1882 ደግሞ የሳምባ ነቀርሳን ረቂቅ ተሕዋስ ለዓለም ገለጹ፤ ስማቸውም ገነነ። ነገር ግን መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በ1890 ያወጡት ቱበርኩሊን በሽተኞችን ሳያድን ስለ ቀረ እጅግ ተነቀፉ።

በ1896 መጨረሻ በኬፕ መንግሥት ተጋብዘው ኪምበርሌይ ደረሱ። እንደ ልማዳቸው የበሽታውን ምክንያት በማይክሮስኮፕ ፈለጉ፤ ሆኖም አላገኙትም። ምክንያቱ በዚያ ዘመን መሣሪያ የማይታይ ቫይረስ ነበርና። ይሁን እንጂ ዶክቶር ኮክ ጠላታቸውን ባያዩትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በበሽታው ከሞተ ከብት 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሐሞት ተወስዶ ጤነኛው ከብት ከቆዳው ሥር ቢወጋ፥ በሽታውን እንደሚቋቋም ደረሱበት። ዘዴው ፍጹም አልነበረም፤ ሐሞቱ አንዳንድ ጊዜ በሽታውን ራሱን ያስተላልፍ ነበር። ቢሆንም ብዙ ከብት ተረፈበት። በ1905 ስለ ሳምባ ነቀርሳ ሥራቸው የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1910 በ66 ዓመታቸው በባደን ባደን ዐረፉ።

እርሳቸው ያላዩትን ሌሎች ደረሱበት። በ1902 ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ፥ የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጥለያ የሚያልፍ መሆኑን አሳዩ። ቫይረስ ሲባዛ የዘር ጽሕፈቱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ሲከማች ልዩ ልዩ ዝርያ ይወጣል። የደስታ ቫይረስም ሁለት በአፍሪካ፥ አንድ በእስያ፥ ሦስት ዝርያዎች ነበሩት፤ አንዳንዱ መንጋውን ሲፈጅ ሌላው ቀለል ይል ነበር። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም በኬንያ ይህንኑ የመለወጥ ጠባይ ለጥቅም አዋሉት። ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ 90 ጊዜ ያህል እያዛወሩ ቢያራቡት የመግደል ኃይሉን አጣ፤ ለክትባትም ተስማሚ ሆነ። የከብቱ ሰውነት አንዱን ዝርያ ካወቀ ሁሉንም ስለሚያውቅ፥ አንዱ ክትባት ከሦስቱም ጠበቀ። በአገራችን የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በ1995 ታየ፤ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ሥራው ግን አላለቀም። አፍተግር የሚባለውን፥ የከብትን አፍና ሰኮና የሚያቆስለውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ሰባት ዓይነት ነው፤ ለአንዱ ዓይነት የተሠራው ክትባት ከሌላው አያድንም። ስለዚህ በመንጋችን ውስጥ የገባው የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ዘወትር የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ዶክቶር ኮክ ምርምራቸውን የጀመሩት በትንሽ ከተማ፥ በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ወገል ጤናም ትንሽ ከተማ ናት፤ ያባቱን በሬ ጠምዶ ያደገ ተማሪ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ሊተወው አይገባም።